ምዕራፍ ስድስት፦ ሞተሩ የት ይደር?

መቶ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ዕቃ በየማታው ደፍ አሻግሮ ቤት ማስገባት፣ በየንጋቱም መልሶ ማውጣት የብዙ የወላይታ ሶዶ ቤተሰብ የዕለት ሥራ ነው። ዕቃው ሞተር ሳይክል ነው። ከሶዶ ወደ አረካና ሆሳዕና፣ ወደ ቦዲቲና ሻሸመኔ፣ ወደ ሁምቦና አርባ ምንጭ አስፋልት ይወጣል። ከአስፋልቱ እየተገነጠሉ ወደ ቀበሌዎች የሚገቡት ቀጫጭን መንገዶች ላይ ግን መኪና ብዙም አይዘልቅም። እዚያ የሚደርሰው ሞተር ነው። የጤና ባለሙያዋን፣ የግብርና ባለሙያውን፣ ተማሪውንና ጆንያውን ያደርሳል፤ የሞተረኛውንም ቤተሰብ ያበላል። ውጭ ካደረ ለሌባና ለዝናብ የተተወ ነውና ማታ ማታ የግድ ወደ ውስጥ ይገባል።

የሚገባበት ቦታ ግን ጠባብ ነው። አንዱ የሰርቪስ ቤት ክፍል ውስጥ ያስገባዋል፣ ሌላው በአጥርና በግድግዳ መካከል ባለች መተላለፊያ፣ ሌላው ደግሞ የሚተኛበት ክፍል በር ሥር ያቆመዋል። አራት አምስት ሞተረኞች ተዋጥተው አንዲት ክፍል የሚከራዩበትም አለ። የተሰበረ ፍሬቻ፣ የተጣመመ ስፔኪዮ፣ የተቃጠለ ባት፣ የተቀጨ ወገብ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት ማነስ አይደለም። ስለ ሚዛን፣ ስለ ልክና ስለ ቅደም ተከተል ያስተማረን ሰው ስለሌለ ነው። ይህ ምዕራፍ ስለነዚህ ሦስቱ ይናገራል።

ከተማዋና ተዳፋቷ

ወላይታ ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ በዳሞታ ተራራ ደቡባዊ ግርጌ የተሠራች ከተማ ናት። ግርጌ ላይ የተሠራ ከተማ ደልዳላ መሬት አይበዛለትም፤ ግቢዎች ያዘነብላሉ፣ በሮች ደረጃ ይኖራቸዋል። ቀዩ አፈር ደግሞ በበልግና በክረምት ዝናብ ይለሰልሳል፣ ያንሸራትታል። ዞኑ በአገሪቱ ሕዝብ በብዛት ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ተቆጥሮበታል፣ በአማካይም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 350 ያህል ሰው ይኖር ነበር። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። መቀመጫ መሆን ሠራተኛ፣ ተከራይና ግንባታ ይጨምራል፤ ግቢው ግን አይሰፋም።

ሀብትን ጣሪያ ሥር ማሳደር ለወላይታ አዲስ ነገር አይደለም። በሣር ክዳኑ ክብ የወላይታ ቤት ከብት ሌሊቱን የሚያሳልፈው ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ለብቻው በተከፈለለት ወገን ነው። ቤቱ ሲሠራ የከብቱ ቦታ፣ የመግቢያው ስፋትና የእበቱ መውጫ አብሮ ይታሰባል። የዛሬው የከተማ ቤት ሞተርን ያስገባዋል እንጂ አላሰበበትም። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የሞተር ልኮች

በአካባቢያችን የሚበዙት ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑት የቦክሰርና የቲቪኤስ ዓይነት የሥራ ሞተሮች በመጠን ይቀራረባሉ። ርዝመታቸው 2 ሜትር ገደማ፣ የመሪያቸው ስፋት ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደታቸው ከ110 እስከ 140 ኪሎ ነው። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 1.3 ሜትር ያህል ይሆናል። የጎማው ቁመት ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስሌቶች በሙሉ የሚነሡት ከእነዚህ ቁጥሮች ነው። ሞተር ያለው ሰው ሜትር ይዞ የራሱን ቢለካ ውጤቱ ብዙም አይለይበትም።

በያንዳንዱ ዲግሪ አንድ ኪሎ

ሞተር ቀጥ ብሎ ሲቆም ክብደቱን የሚሸከሙት ሁለቱ ጎማዎች ናቸው፤ ሰው የሚይዘው ምንም የለም ማለት ይቻላል። ሲያጋድል ግን ከክብደቱ የተወሰነው ወደ ሰው እጅ ይመጣል። 120 ኪሎ የሚመዝን፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ሞተር እንውሰድ። 1 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን መሪውን ይዘን 5 ዲግሪ ብናጋድለው እጃችን ላይ የሚያርፈው 5 ኪሎ ያህል ነው። በ10 ዲግሪ 10 ኪሎ፣ በ20 ዲግሪ 20 ኪሎ፣ በ30 ዲግሪ 30 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ በያንዳንዱ ዲግሪ አንድ ኪሎ ብሎ መያዝ በቂ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ አሥር ዲግሪ ሳይሞላ ቀጭን ሰውም በአንድ እጁ ሊይዘው ይችላል፤ ሃያን ካለፈ በኋላ ጎበዙም ቢሆን እየተጎተተ ይሄዳል። ስለዚህ ዘንበል ማለት ሲጀምር ወዲያው ቀና ማድረግ እንጂ “ቆይ ይህን ልጨርስ” ማለት አያዋጣም። ሁለተኛው፣ ሞተር ሁልጊዜ ወደ ሰውየው በኩል ትንሽ ማጋደል አለበት። በግራ በኩል ቆመን፣ ዳሌያችንን ከመቀመጫው አስጠግተን፣ ሁለት ሦስት ዲግሪ ወደ ራሳችን ብናዘነብለው ዳሌያችን ይደግፈዋል። ወደ ማዶ ካጋደለ ግን የሚይዘው የለም። ሞተር ሲገፋ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማዶ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ግራ በኩል የሚመረጠው የጎን መቆሚያው እዚያ ስላለ ነው፤ ከደከመን በእግራችን አውርደን እናሳርፈዋለን። ሁለት እጃችን መሪው ላይ፣ የቀኝ እጃችን ሁለት ጣቶች የፊት ፍሬኑ ላይ መሆን አለባቸው። እነዚህ ሞተሮች እንደ መኪና ቆመው የሚያድሩበት የእጅ ፍሬን የላቸውም፤ ተዳፋት ላይ የሚያቆማቸው ወይ ጣታችን ነው ወይ አንደኛ ማርሽ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ መሪው እስከ ጫፍ ዞሮ ሳለ የፊት ፍሬኑን በድንገት መያዝ ሞተሩን ወደ ዞረበት ወገን ይጥለዋል። ጠባብ ቦታ ላይ ፍሬን የሚያዘው ቀስ ተብሎ ነው።

ደፍና ደረጃ

ብዙ ጉልበት የሚባክነው በር ላይ ነው። የአንድ ጎማ ድርሻ 60 ኪሎ ነው እንበል። ጎማውን 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ደረጃ ላይ በቀጥታ ገፍቶ ለማስወጣት ከ100 ኪሎ በላይ ግፊት ይጠይቃል። ከራሱ ከክብደቱ ይበልጣል። 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነች የላሜራ በር ደፍ እንኳ 40 ኪሎ ያህል ትፈልጋለች። ምክንያቱ ጎማው ደረጃውን ሲነካ ግፊታችን ወደፊት ሳይሆን ወደ ደረጃው ስለሚሄድ ነው። ወጣቶች ተንደርድረው የሚያስገቡት ለዚህ ነው፤ በተንደረደሩ ቁጥርም ቸርኬው ይጎዳል፣ ሞተሩ ይንሸራተታል።

አሁን በዚያው ደረጃ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ እናስደግፍ። የሚያስፈልገው ግፊት ወደ 15 ኪሎ ይወርዳል። መወጣጫውን 120 ሴንቲ ሜትር ብናደርገው ደግሞ 7 ወይም 8 ኪሎ ብቻ ይበቃል። በሁለት ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.3 ሜትር ስለሆነ፣ እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ድረስ በአንድ ጊዜ መወጣጫው ላይ የሚኖረው አንድ ጎማ ብቻ ነው፤ ቀላል የሚሆነውም በዚህ ነው። ከ100 ወደ 8 ኪሎ ያወረደን አንድ ጠንካራ ጣውላ ወይም በያጅ የሠራው የላሜራ ቁራጭ ነው።

ጣውላው 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው ለጎማው ይበቃል። ለሰውየው እግር ግን ሁለተኛ ጣውላ አጠገቡ ያስፈልጋል፤ ጎማው ጣውላ ላይ ሲወጣ ሰውየው መሬት ላይ ከቀረ መሪው ከእጁ ከፍ ይልና ሚዛኑ ይጠፋል። ላሜራ ከሆነ ዝናብ ቀን እንዳያንሸራትት ላዩ ላይ ቀጫጭን ፌሮ አግድም ይበየድበታል። የመወጣጫው ጫፍም ደረጃው ላይ እንዲጠመድ መቆንጠጫ ሊኖረው ይገባል።

በሩ ራሱ ጠባብ ሲሆን፣ ለምሳሌ 80 ሴንቲ ሜትር፣ መሪው ቀጥ ብሎ ለማለፍ ይቸገራል። መፍትሔው አንዱን የመሪ ጫፍ ማስቀደም ነው። መሪው እስከ ጫፍ ሲዞር 78 ሴንቲ ሜትር የነበረው ስፋቱ ወደ 58 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ አንዱ ጫፍ ወደፊት ስለሄደ ሌላው ወደኋላ ቀርቷልና። ስለዚህ አንዱን ጫፍ አስገብቶ፣ ትንሽ ገፍቶ፣ ሌላውን ማስከተል ነው። ስፔኪዮዎቹንም ወደ ውስጥ ማጠፍ ይረዳል።

መዞር

የሥራ ሞተር መሪ ወደያንዳንዱ ወገን ከ40 ዲግሪ ትንሽ በላይ ይዞራል። በዚህ ልክ ሙሉ ዙር ለመዞር 4 ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ቦታ ይፈልጋል። 3 ሜትር ስፋት ባለው ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ መዞር አይቻልም፤ በጉልበት እየጎተቱ መሞከርም ወገብን ማጥፋት ነው።

የሚሠራው ወደፊትና ወደኋላ እያሉ መዞር ነው። መሪውን እስከ ጫፍ ወደ ግራ አዙረን ግማሽ ሜትር ወደፊት ብንገፋ ሞተሩ 20 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ከዚያ መሪውን እስከ ጫፍ ወደ ቀኝ አዙረን ግማሽ ሜትር ወደኋላ ብንስብ በዚያው አቅጣጫ ሌላ 20 ዲግሪ እናገኛለን። ዘጠኝ እንዲህ ያሉ እርምጃዎች ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ፊቱን ያዞሩታል። ብዙ ሰው የሚስተው መሪውን የሚያዞርበትን ጊዜ ነው፤ ሞተሩ እየተንቀሳቀሰ ሳይሆን ቆሞ፣ ቀጥ ብሎ ሳለ መዞር አለበት። ሲገፋም መሪውን ብቻ ከመጎተት ግራ እጅን መሪው ላይ፣ ቀኝ እጅን ከመቀመጫው ጀርባ ያለው መያዣ ላይ አድርጎ ወደኋላ መሳብ ይቀላል። በዚህ ጊዜ የፊት ፍሬኑ ከእጅ ስለሚወጣ ዘዴው ለደልዳላ ወለል ብቻ ነው።

ሌላው አማራጭ ወለሉ ሊሾ ለሆነ ክፍል የሚመች ነው። በሌሎች አገሮች ሞተር የሚቆምበት፣ ሥሩ ትንንሽ ተሽከርካሪ ጎማዎች የተገጠሙለት ዝቅ ያለ የብረት መደብ ይሸጣል። ሞተሩ እዚያ ላይ በመሐል መቆሚያው ከቆመ በኋላ ወደ ጎን መንሸራተትም፣ ባለበት መዞርም ይችላል። ሥራው ቀላል ስለሆነ ጎበዝ በያጅ ሊሠራው ይችላል። ጎማዎቹ መቆለፊያ ሊኖራቸው፣ ወለሉም ፍጹም ደልዳላ ሊሆን ግድ ነው።

በመሐል መቆሚያ ማቆምም ዘዴ አለው። ሞተሩን በእጅ ወደ ላይ ማንሣት አያስፈልግም። ሁለቱ የመቆሚያው እግሮች እኩል መሬት መንካታቸውን አረጋግጠን፣ በመርገጫው ላይ በሙሉ ክብደታችን እንቆማለን። የሚያነሣው የሰውነታችን ክብደት ነው፤ እጅ የሚያደርገው ሚዛን መጠበቅ ብቻ ነው።

አራት ሞተር በ3 ሜትር

የጎን መቆሚያ ሞተሩን ከ10 ዲግሪ ትንሽ በላይ ወደ ግራ ያዘነብለዋል። በመሪው ከፍታ ላይ ይህ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይበላል። ለአንድ ሞተር ምንም አይደለም፤ ለአምስት ሞተር ግን አንድ ሙሉ ሜትር ነው። በዚህ ላይ አንዱ ከተገፋ ጎረቤቱን ይጥላል፣ ጎረቤቱም ቀጣዩን። ስለዚህ በጋራ ክፍል ውስጥ የሚቻለው ሁሉ በመሐል መቆሚያው ቀጥ ብሎ ቢቆም ይሻላል።

አሁን 3 ሜትር ስፋትና 4 ሜትር ጥልቀት ያለውን ክፍል እንመልከት። ሁሉም ሞተር ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጎ ቢቆም መሪ ከመሪ ጋር ስለሚጋጭ በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት ትተን ሦስት ብቻ ይገባሉ። አንዱ ፊቱን ወደ ውስጥ፣ ቀጣዩ ወደ ውጭ እያደረገ ቢቆም ግን የአንዱ ሰፊ መሪ ከሌላው ቀጭን ጀርባ ጎን ያርፋል። ከመሐል እስከ መሐል 65 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ አራት ሞተር 2.75 ሜትር ውስጥ ይገባል። የእግር መርገጫዎቹ እንዳይጋጩ አንዱን ከሌላው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደፊት ወይም ወደኋላ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ከፊታቸው የሚቀረው ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ቦታ መንቀሳቀሻ ነው።

አገባቡ ከቀኙ ግድግዳ ይጀምራል። የመጀመሪያው ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጎ ሲገባ ገፊው በግራ በኩል ስለሚሆን መውጫ አያጣም። ሁለተኛው ወደኋላ ነው የሚገባው፤ የዚህ ግራ ጎን ወደ መጀመሪያው ሞተር ስለሚውል ገፍቶ ከማስገባት ላዩ ላይ ተቀምጦ በሁለት እግር እየተገፋ ማስገባት፣ ከዚያ በቀኙ በኩል መውረድ ይቀላል። የመሐል መቆሚያውን ለማውረድ የሚበቃ ክፍተት ካልተገኘ ይህኛው ብቻ በጎን መቆሚያው ሊቆም ይችላል፤ ሚዛኑንና መሪው ከጎረቤቱ አለመድረሱን ማየት ያሻል።

መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መንገደኛ ለመጫን የሚነሣው ሞተረኛ ከበሩ ጎን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቢሮ የሚገባው ከግድግዳው ጎን ቢሆን ማንም ማንንም አይቀሰቅስም። ማታ የመምጫው ሰዓት ሁልጊዜ እንዲህ ስለማይገጥም ግን፣ ክፍሉ በደንብ የሚቆለፍና ወለሉ ደልዳላ ከሆነ፣ በመሐል መቆሚያ የቆሙት ሞተሮች ማርሻቸው ፎሌ ላይ ሆኖ አንገታቸው ሳይቆለፍ ቢያድር ሌላው ሰው አንቀሳቅሶ መውጣት ይችላል። ለሌባው በየሞተሩ ከመቆለፍ ወለሉ ላይ በኮንክሪት የተቀበረ የብረት ቀለበትና በሁሉም ቸርኬ ውስጥ የሚያልፍ ወፍራም ሰንሰለት ይሻላል።

ወለሉ ካዘነበለ ሕጉ ሌላ ነው። ፊቱ ወደ ዳገቱ፣ አንደኛ ማርሽ ገብቶ ይቆማል። ፊቱ ወደ ቁልቁለቱ የሆነ ሞተር ትንሽ ሲንሸራተት የጎን መቆሚያው ራሱ ይታጠፋል። አፈር ወለል ላይ ደግሞ ከመቆሚያው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የጣውላ ቁራጭ ካልተደረገ መቆሚያው ሌሊቱን ቀስ በቀስ ይሰምጣል።

ቤንዚን፣ ጭስና እሳት

እስከ አሁን ያየነው ጉዳት የሞተርና የወገብ ነበር። ይህኛው የነፍስ ነው። ቤንዚን በረዶ በሚሠራ ብርድ ውስጥ እንኳ ይተናል፤ እንፋሎቱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ሳይቀር እሳት ይይዛል። እንፋሎቱ ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ አይበንም፤ ወለሉን ተከትሎ ይስባል፣ ከጥግ ይጠራቀማል። የከሰል ምድጃ፣ ቡና የሚፈላበት ፍም፣ የምጣድ እሳት የሚቀመጡትም ወለል ላይ ነው። ሽታው ለቆመ ሰው ሳይደርሰው እሳቱ ጋ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ ሞተር ባለበት ክፍል እሳት አይነድም። ከመግባቱ በፊት የነዳጅ መዝጊያው ይዘጋል። ነዳጅ የሚቀዳው ውጭ ነው። ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን ቤንዚን በጀሪካንና በሃይላንድ ፕላስቲክ ገዝቶ ቤት ማስቀመጥ ተለምዷል፤ ይህ ከሞተሩ ራሱ የባሰ አደጋ ነው። የሞተሩ ሰልባትዮ ለቤንዚን የተሠራ ነው፣ የውኃ ፕላስቲክ ግን አይደለም።

ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። በከሰል ጭስ ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ወሬ የሰማ ሁሉ የሚያውቀው ያው ጋዝ ነው። “ሞተሩን ላሙቀው” ብሎ በተዘጋ ክፍል ማስነሣት በአጎራባች ክፍል የተኛን ሕፃን ሊገድል ይችላል። ዳገት ለማስወጣት በአንደኛ ማርሽና በፍሪሲዮን ማገዝ ያስፈለገ እንደሆነም እስከ በሩ ብቻ ነው፤ ከደፉ ወዲህ ሞተሩ ይጠፋል፣ ይገፋል። ማርሚታውም ከጉዞ በኋላ ቆዳ የሚልጥ ሙቀት አለው። ልጆች ከሚያልፉበት በኩል እንዳይሆን ወደ ግድግዳው ማዞር፣ ወይም ግማሽ ሰዓት ደጅ እንዲበርድ መተው ይገባል።

ከአንዲት የኪራይ ክፍል ሌላ የሌለው፣ ከሞተሩ ጋር ማደር ግድ የሆነበት ሰው አለ። ለእሱ የምለው ይህ ነው፦ በርዶ ይግባ፣ መዝጊያው ይዘጋ፣ ከበሩ ሥር ይቁም፣ በበሩ ግርጌ አየር የሚያስወጣ ክፍተት ይኑር፣ ምድጃና ፍም ከክፍሉ ይውጡ።

ስንሠራ እናስብበት

በዓለም ላይ ይህን ጥያቄ ቀድመው የተጋፈጡ ከተሞች አሉ። በቬትናም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሞተሮች አሉ። በሃኖይ ፊታቸው ጠባብ ወደ ውስጥ የረዘሙ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ ቤተሰቦች ማታ ሞተራቸውን ምድር ቤት ያስገባሉ፤ ብዙ ቤት ከደጁ ደረጃ ጋር የሞተር መወጣጫ አለው።

አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር እንቅስቃሴን ስለገደበች የቤት ፕላን እዚያ ሲሳል የሚታሰበው መኪና ነው። ሶዶ፣ አረካና ቦዲቲ ግን የሞተር ከተሞች ናቸው። ለአንድ መኪና የሚተወው 2.5 በ5 ሜትር ቦታ አምስት ሞተር በምቾት ይይዛል። ሰርቪስ ቤት የሚያሠራ አከራይ የአንዱን ክፍል በር 1 ሜትር ቢያደርገው፣ ደረጃውን ትቶ 15 ሴንቲ ሜትሩን በ120 ሴንቲ ሜትር መወጣጫ ቢያስጨርሰው፣ ከግድግዳው ታችና ላይ የአየር ቀዳዳ ቢተው፣ ወለሉ ላይ የብረት ቀለበት ቢቀብር፣ ከጠቅላላ ወጪው ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው። የመኖሪያ ፕላን የሚያጸድቁ የከተማ ባለሙያዎችም ግቢ ውስጥ የሞተር ቦታ የት እንደሆነ መጠየቅ ሊለምዱ ይገባል።

ጥቅሙ ከስፔኪዮና ከፍሬቻ ያልፋል። መቶ ኪሎ ግፊት የሚጠይቅ ደፍ ሞተሩን የአንድ ጎረምሳ ንብረት ያደርገዋል፤ እሱ ከሌለ አይወጣም፣ አይገባም። በስምንት ኪሎ የሚያልፍ መወጣጫ ግን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ለጡረተኛው መምህር፣ ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት የሚያደርስ ሰው ለሚፈልግ ቤተሰብ ሁሉ በሩን ይከፍታል። ሞተሩን የገዛ ሰው ገንዘቡን ከፍሏል፤ የቀረው አንድ ጣውላ፣ አንድ ሜትርና ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ይህን ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል።